ጂኑን ማን ገለበጠው?

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። በአማርኛ ባዘጋጀሁት አጭር ማስታወሻ ላይ «ትራንስክሪፕሽን ፋክተሮች በቢ ሴል ውስጥ የመከላከያ ጂኖችን ይገለብጣሉ» ብዬ ጻፍኩ። ባልደረባዬ «መገልበጥ ለመኪና ነው፤ የጂን መግለጫን ይቆጣጠራሉ በል» አለኝ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ «መግለጫ»ን ይተዉት። መግለጫ የሚሰጠው ቃል አቀባይ ነው፤ ጂን ደግሞ ጋዜጠኛ አይጠራም። «ጂኑ ሥራ ላይ ዋለ» ቢሉ ይሻላል። «ገለበጠ» ግን ጥሩ ነው። መኪናም መንግሥትም ይገለበጣል፣ ልክ ነው። ሆኖም የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ግርጌ ላይ «ግልባጭ» የሚለውን የማያውቅ ማን አለ? ዋናው ፋይል ውስጥ ይቀራል፣ ግልባጩ ይወጣል። ዲኤንኤም ኒውክሊየስ ውስጥ ይቀራል፤ የሚወጣው ግልባጩ አርኤንኤ ነው።

የእርስዎ ዓረፍተ ነገር የጎደለው «አስ» ነው። ገልባጩ አርኤንኤ ፖሊሜሬዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። ፋክተሮቹ ግልበጣውን የሚቆጣጠሩ ፕሮቲኖች ናቸው፤ ያስገለብጣሉ እንጂ አይገለብጡም። ከፋክተሮቹ አንዱን፣ ኤንኤፍ ካፓ ቢን ይውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1986 ቢ ሴል (ተህዋስን የሚከላከል ነጭ የደም ሴል) ውስጥ፣ የፀረ እንግዳ አካልን (ተህዋስን ለይቶ የሚይዘውን ፕሮቲን) ካፓ ሰንሰለት የሚሠራውን ጂን ከሚያነቃቃው የዲኤንኤ ክፍል ጋር ሲጣበቅ ተገኘ። ስሙም ከዚያው መጣ። በብዙ ሴሎች ውስጥ አይ ካፓ ቢ የሚባል ፕሮቲን ከኒውክሊየስ ውጭ ይዞ ያስቀምጠዋል። ተህዋስ መግባቱን የሚናገር ምልክት ሲመጣ ያዡ ይፈርሳል። ኤንኤፍ ካፓ ቢ ይገባል፣ ዲኤንኤው ላይ ቦታውን ይይዛል፣ ጂኖቹን ያስገለብጣል። ራሱ ግን አንዲት ፊደል አይገለብጥም።

ታዲያ ትራንስክሪፕሽን ፋክተርን «አስገልባጭ» እንበለው? አይሆንም፤ ምክንያቱም የሚያስቆሙም አሉ። ፓክስ5 የሚባለው ፋክተር ቢ ሴልን ቢ ሴል አድርጎ ያቆየዋል፦ የቢ ሴል ጂኖችን ያስገለብጣል፣ የሌላ ዓይነት ሴል ጂኖችን ያፍናል። ሴሉ ፀረ እንግዳ አካል በብዛት ወደሚያመርት ፕላዝማ ሴል ሲለወጥ ደግሞ ብሊምፕ1 የሚባል ሌላ ፋክተር ይመጣና የፓክስ5ን ጂን ራሱን ያፍነዋል። አፋኙም ይታፈናል ማለት ነው! ስለዚህ እኔ «የግልበጣ ተቆጣጣሪ» እላለሁ። «የግልበጣ ምክንያት» የሚሉ አሉ፤ ነገሩ ግን ፕሮቲን እንጂ ሰበብ አይደለም።

እንዲህ ይጻፉት፦ «የግልበጣ ተቆጣጣሪዎች በቢ ሴል ውስጥ የመከላከያ ጂኖችን ያስገለብጣሉ ወይም እንዳይገለበጡ ያግዳሉ።» መጀመሪያ ሲጠቅሱት «ትራንስክሪፕሽን ፋክተር» የሚለውን ከጎኑ ያስቀምጡ። ልጆቹ ፈተናው ላይ የሚያገኙት እሱን ነው።