ከልጆች ጋር ወደ ሰሜን ተራሮች፦ ስለ ረግረጉ፣ ስለ ከፍታውና ስለ መንገዱ

ሰላም እኅቴ። የ7 እና የ11 ዓመት ልጆችዎን እንዲሁም አማትዎን ይዘው ከጎንደር ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ለእግር ጉዞ መውጣት ይቻል እንደሆነ፣ ከላይ ያለው ረግረግም ለልጆች ያሰጋ እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔ ልጆቼን ከትንሽነታቸው ጀምሮ፣ አንዳንድ ጊዜም የእኅቶቼን ልጆች ጨምሬ ስለምወስዳቸው፣ ያየሁትን በዝርዝር ልጻፍልዎ። በእርግጥ ይቻላል፤ ሆኖም ከልጆች ጋር ሲወጡ ጫፍ ላይ የመድረስን ሐሳብ ትተው አጭሩን መንገድ በዝግታ እንዲሄዱ አጥብቄ እመክራለሁ።

ምክንያቴ ከፍታው ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለችው ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ፣ በፓርኩ ውስጥ ካሉት ማደሪያ ቦታዎች ሳንቃበር 3,200 ሜትር አካባቢ፣ ግጭና ጨነቅ ደግሞ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ብዙ ሰው ፎቶ ሊነሣበት የሚመኘው እሜት ጎጎ የተባለው ጫፍ 3,926 ሜትር ነው። ጠዋት ከቤቱ የተነሣ ልጅ በዚያው ዕለት ይህን ሁሉ ከፍታ ወጥቶ ደስ ብሎት ይጫወታል ብሎ መጠበቅ አይገባም። አዋቂ ራሱን ሲያመው ይናገራል፤ ትንሽ ልጅ ግን የሚወደውን ዳቦ አልበላም ይላል፣ ያለ ወትሮው ይነጫነጫል፣ በተቀመጠበት እንቅልፍ ይጥለዋል ወይም ያስመልሰዋል። ይህን ካዩ ድካም ነው ብለው አይለፉት፤ ዕረፍት ሰጥተው ካልተሻለው ሳይዘገዩ ወደ ታች መውረድ ነው። አስጎብኚው ትንሽ ቀርቷል ቢልም እንኳ መመለስ የእናት ውሳኔ ነው።

ስለዚህ ለመጀመሪያ ቀን ከሳንቃበር በፊት ከሚገኘው ቡይት ራስ ወደ ሳንቃበር ያለውን የገደል አፋፍ መንገድ እንዲመርጡ እመክራለሁ። መንገዱ ብዙ ዳገት የለውም፣ በስተሰሜን ያለው ገደልና ከሥሩ የተደረደሩት አምባዎች ለልጅም ለአዋቂም ዓይን የሚሞሉ ናቸው፣ የመኪናው መንገድም ብዙ ስለማይርቅ የደከመውን ይዞ መውጣት ይቻላል። ሙሉውን መሄድ ለ7 ዓመት ልጅ ይበዛበታል፤ ከመሐል ጀምራችሁ ሁለት ሰዓት ያህል ብትሄዱ ይበቃል። አፋፉ ላይ ግን አጥር የለም። ታናሹን በእጅ መያዝ፣ ታላቁንም ከገደሉ ራቅ ባለው በኩል ማስኬድ ግዴታ ነው። ከሳንቃበር አለፍ ብሎ የጅንባር ፏፏቴ የሚታይበት ቦታ ደግሞ ጠባብና በሁለት በኩል ገደል ስለሆነ፣ ልጆችን በየተራ አንድ አዋቂ ይዟቸው እንዲያዩ እንጂ አብረው እንዲገቡ አይፍቀዱ።

አሁን ወደ ረግረጉ ልምጣ፤ ብዙ ሰው ጭቃ ብሎ የሚያልፈው፣ እኔ ግን ለልጆች ከማሳያቸው ሁሉ የምወደው ይህንን ነው። ሳንቃበር አድራችሁ በማግሥቱ ልጆቹ ደኅና ከሆኑ ወደ ጅንባር ሸለቆ፣ ታላቁ ከበረታም ወደ ግጭ ሜዳ መሄድ ይቻላል። ከላይ ባሉት ጎድጓዳ ቦታዎች የክረምቱ ውኃ ይተኛል። ውኃ በሞላበትና ብርድ በጸናበት መሬት የሞተ ሣርና ሥር ቶሎ አይበሰብስም፤ ዓመት በዓመት ላይ እየተደራረበ ጥቁር፣ ልል፣ በክር በክር ሥር የተያያዘ አፈር ይሆናል፤ ሊቃውንቱ ፒት ይሉታል። እንዲህ ያለው አፈር የሚያድገው በዓመት አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ አንድ ክንድ ጥልቀት ያለው ጥቁር አፈር የብዙ መቶ ዓመታት ሥራ ነው። በዓለም ላይ ያለው የዚህ ዓይነት መሬት ከየብሱ 3 በመቶ ገደማ ቢሆንም ከደኖች ሁሉ የሚበልጥ ካርቦን ይዟል። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ውኃው ነው፤ መሬቱ የክረምቱን ዝናብ እንደ ስፖንጅ ይዞ በበጋ ቀስ በቀስ ስለሚለቀው ምንጮቹ አይደርቁም፣ የሚወርደውም ውኃ ወደ ተከዜ ይሄዳል።

ለልጆቹ ይህን በቃል ከመንገር ማስነካት ይሻላል። ከመንገዱ ዳር ሳይወጡ ቁጭ አስብለው መዳፋቸውን ሣሩ ላይ ጫን እንዲያደርጉ ይንገሯቸው፤ በጣቶቻቸው መካከል ቡናማ ቀለም ያለው ቀዝቃዛ ውኃ ብቅ ይላል፣ እጃቸውን ሲያነሡም ተመልሶ ይሰርጋል። የእኔ ታናሽ ልጅ ይህን እየደጋገመች ስታደርግ ከቦታው ለማስነሣት ብዙ ለምኛለሁ።

ያሰጋል ወይ ላሉት፣ ሰውን የሚውጥ ረግረግ በምንሄድበት መንገድ አላጋጠመኝም፤ ልጅን እስከ ጉልበቱ የሚያስገባ ግን አለ። ጓሳ የሚባለው ረጅም የደጋ ሣር በጉብታ በጉብታ የበቀለበት ደረቅ ነው፤ ሣሩ አጭር፣ ከመጠን በላይ አረንጓዴና ሜዳው ልሙጥ ከሆነ ከሥሩ ውኃ አለ። ስካውቱ፣ ማለትም አብሯችሁ የሚሄደው የፓርኩ ጠባቂ፣ ከፊት ይሂድ፣ ልጆቹ የእርሱን እግር ይከተሉ፣ አንድ ዱላም ይኑራችሁ። ጭቃው ራሱ ብዙ አይጎዳም፤ የሚጎዳው በራሰ ካልሲ ሲሄዱ ከሰዓት በኋላ ጉም የመጣ እንደሆነ ነው፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ትርፍ ካልሲ በፌስታል ቋጥረው ይያዙ። ደግሞም ከመንገድ ወጥቶ ረግረጉን መርገጥ ለእኛ ብቻ አይደለም የሚከፋው። የተረገጠው ቦታ ውኃ ይዞ ይሸረሸራል፣ ሥሩም ይበጠሳል። የግጭ ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ደባርቅ ከተዛወሩ ወዲህ ሣሩ እየተመለሰ ነው፤ እነዚያ ሰዎች ቤታቸውን ትተው የወጡለትን መሬት እኛ ለፎቶ ብለን ልንረግጠው አይገባም።

በመንገድ ላይ ጅብራ የሚባለውን ረጅም የደጋ ተክል ያሳዩአቸው። ለብዙ ዓመታት አድጎ አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፣ ከዚያም ይሞታል፤ የደረቀ ግንዱን አንኳኩተው ባዶ መሆኑን ሲሰሙ ልጆች ይደነቃሉ። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ፀሐይ ገደሉን ስታሞቀው ካደሩበት ወጥተው አፋፉ ላይ ሣር ሲግጡ ይውላሉ፤ ሰውን አይተናኮሉም፣ ነገር ግን ምግብ መስጠት ክልክል ነው፣ የልጆቹም ዳቦና ሙዝ ከቦርሳ አይውጣ። ዋልያን ለማየት የተሻለው ቦታ ጨነቅ ስለሆነ፣ ሳንቃበር ድረስ ብቻ ከሄዳችሁ ላያዩት እንደሚችሉ አስቀድመው ይንገሯቸው፤ አለዚያ ቀኑን ሙሉ የት አለ እያሉ ያስቸግራሉ።

ወቅቱን በተመለከተ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ያለውን እመርጣለሁ፤ ዝናቡ አልፎ ረግረጉ ገና ሙሉ ነው፣ አበባውም አልረገፈም። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ስለሚጥል ከልጆች ጋር ድንኳን አልመክርም። ቀኑ ሲሞቅ ፀሐዩ ከጎንደሩ ይብሳል፤ ባርኔጣና የፀሐይ ቅባት ያስፈልጋል። ጋቢ፣ የዝናብ ልብስ፣ በፔርሙዝ ሻይ፣ ቆሎና በሶ ይያዙ፣ ውኃም በብዛት።

ደባርቅ በሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ሳትመዘገቡ፣ ሳትከፍሉና ስካውት ሳትይዙ መግባት አይቻልም። ከመነሣታችሁ ከአንድ ቀን በፊትም መንገዱ ሰላም መሆኑንና ፓርኩ ጎብኚ እየተቀበለ መሆኑን እዚያው ደውላችሁ አረጋግጡ፤ በዚህ ዘመን ይህን ሳያጣሩ ልጅ ይዞ መውጣት ተገቢ አይደለም። ከጎንደር ከንጋቱ 12 ሰዓት ብትነሡ ከረፋዱ 4 ሰዓት ግድም መራመድ ትጀምራላችሁ፤ ከ9 ሰዓት በፊት መኪናው ዘንድ መመለስ ይኖርባችኋል። ከደባርቅ በኋላ ያለው ጠጠር መንገድ ስለሆነ ከፍ ያለ መኪና ተኮናተሩ።

አማትዎ ጉልበታቸውን ካመማቸው ወይም የደም ግፊት ካለባቸው ሐኪማቸውን ሳያማክሩ አይውሰዷቸው። ሐኪሙ ከፈቀደላቸው ከሹፌሩ ጋር በመኪና ሳንቃበር ይቅደሟችሁ፤ እዚያ በወንበር ተቀምጠው ገደሉንም ጭላዳውንም ያያሉ፣ ታናሹ ልጅም ከደከመው ከእርሳቸው ጋር ይሄዳል።