የፊደል እግርና የደም ጠብታ፤ ለደሴና ለኮምቦልቻ ወጣት ዲዛይነሮች

ውድ ልጆቼ፣

የመስቀል በዓል ባለፈ ማግሥት ከውጭ አገር ደንበኞች የሃሎዊን (በአስፈሪ ምስልና ልብስ የሚከበረው የፈረንጆች በዓል) ሥራ በኢንተርኔት የምትቀበሉ፣ እዚሁ ደሴም ለአስፈሪ ድራማ ፖስተር የምታዘጋጁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሃሎዊን የሚውለው በፈረንጆቹ ኦክቶበር 31፣ በእኛ አቆጣጠር በአብዛኛው ጥቅምት 21 ቀን ነው። በዓሉ የእኛ ባይሆንም ሥራው እንጀራ ነውና አልነቅፍባችሁም። የምጽፍላችሁ ለዚሁ ሥራ ስለምትመርጡት ደም ስለሚያንጠባጥበው ፊደል ነው።

የእንግሊዝኛው ኤች እግሮቹ የቱንም ያህል ቢንጠባጠቡ ያው ኤች ነው። የእኛ ፊደል ግን ድምፁን የሚለውጠው ብዙውን ጊዜ በእግሩ ነው፤ የ«በ» ቀኝ እግር ከግራው ሲረዝም «ባ»፣ ግራው ሲረዝም «ቦ» ይሆናል፤ ከቀኝ እግሩ ጫፍ ላይ ክብ ጠብታ ካንጠለጠላችሁበትም «ቤ» ተብሎ ይነበባል። «ደ» እና «ሰ» ላይም የሚደርሰው ይኸው ነው። «የጨለማው በር» የሚለውን ርእስ ከፒያሳ ማዶ የሚያልፍ መንገደኛ «የጨለማው ባር» ብሎ ካነበበው፣ ፖስተሩ ማስፈራቱን ትቶ መጠጥ መጋበዝ ጀመረ ማለት ነው። ስለዚህ ፍርሃቱን ከእግር ይልቅ በፊደሉ ራስና ገላ ላይ አሳርፉት፤ ስንጥቁ፣ ጭረቱና የዛገ መልኩ በወፍራሙ መስመር ውስጥ ይግባ። ጠብታ የግድ ካስፈለገ ከፊደሉ ትከሻ ተነሥቶ በእግሮቹ መካከል ይውረድ፣ ውፍረቱም ከእግሩ በግልጽ ይቅጠን።

ከውጭ የምታወርዱት አስፈሪ ፎንት አብዛኛውን ጊዜ የግእዝ ፊደል የለውም፤ አማርኛ ስትጽፉበት ኮምፒውተሩ ሌላ ፎንት ይተካል ወይም ባዶ ሳጥን ያሳያችኋል። ሙሉ ፎንት ልሥራ ለሚል ደግሞ መሠረታዊው ገበታ ብቻ 33 በ7፣ ማለትም 231 ቅርጽ ነው፤ ዲቃሎቹ ገና አልተቆጠሩም። ለአንድ ፖስተር ከሆነ የርእሱን ፊደላት ብቻ በእጅ ስላችሁ ወደ ቬክተር (ሲያሳድጉት ወደማይደበዝዝ የኮምፒውተር ሥዕል) መለወጡ ይበቃል፤ ተደጋግሞ የሚመጣውን ፊደል ግን በየጊዜው ለየት አድርጋችሁ ሳሉት፣ አለዚያ ጠብታው ሁሉ የማኅተም ያህል አንድ ዓይነት ይሆናል። ቀኑን፣ ሰዓቱንና አድራሻውን በዚህ ፊደል አትጻፉ፤ እነሱ በንጹሕ ፎንት ይቀመጡ።

አንድ ነገር ላክል፤ «ተ»ን የመቃብር መስቀል ማስመሰል ቀላል ስለሆነ ያጓጓል። ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ግቢ በሚኖርበት በወሎ ግን የማንንም የሃይማኖት ምልክት የማስፈራሪያ ጌጥ ማድረግ ነውር ነው፣ እኔም በዚህ አልደራደርም።

ሥራው ባነር ሆኖ የሚታተም ከሆነ ረቂቅ ጭረት ብዙም አይጎዳም። በፕሎተር (የቅርጹን ጠርዝ ተከትሎ በሚቆርጥ ማሽን) ለሚቆረጥ ስቲከር ግን ሸካራው ጠርዝ በሺህ የሚቆጠሩ ነጥቦች ስላሉት መቁረጫው ይንቀራፈፋል፣ ትርፉን ሲላጡም ጥቃቅኑ ጠብታ አብሮ ይነሣል፤ ለዚያ ሥራ ጠርዙን አለስልሳችሁ ትልልቁን ጠብታ ብቻ አስቀሩ።