መልስ፦ ድምፁ ታግዶ ቪዲዮው ግን ራሱ እየጀመረ ላስቸገረዎ

«በፋየርፎክስ የዜና ገጽ ስከፍት ድምፅ ባይሰማም ቪዲዮው ራሱ ይጀምራል» ላሉት፣ ምክንያቱ አሳሹ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሳይነገረው የሚያግደው ድምፅ ያለውን ብቻ መሆኑ ነው፤ ድምፅ አልባውን ለማገድ ራስዎ ማዘዝ አለብዎት።

በኮምፒውተር «ሴቲንግስ» ከገቡ በኋላ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» የሚለውን ከፍተው «ፐርሚሽንስ» እስኪያገኙ ወደ ታች ይውረዱ፣ ከ«አውቶፕሌይ» ጎን ያለውን ቁልፍ ይጫኑ፣ «ብሎክ ኦዲዮ ኤንድ ቪዲዮ» የሚለውን መርጠው ለውጡን ያስቀምጡ። በአንድሮይድ ስልክ «ሳይት ሴቲንግስ» (በቀድሞዎቹ የፋየርፎክስ እትሞች «ሳይት ፐርሚሽንስ») ውስጥ ያገኙታል፤ እዚያ በሞባይል ዳታ ጊዜ ብቻ የሚያግድ ምርጫ አለ፣ ለእኛ አካባቢ ከሁሉም የሚሻለው ይኸው ይመስለኛል። የኮምፒውተሩ ክሮም ግን የድረ ገጹን ድምፅ ያጠፋልዎታል እንጂ እንዲህ ያለ ማገጃ የለውም።

ድምፅ የለውም ማለት ዳታ አይበላም ማለት እንዳልሆነ ልብ ይበሉ። ደብረ ብርሃን በቢሮ ዋይፋይ የለመድኩ ሰው ደብረ ሲና ቤተሰብ ጥየቃ ሄጄ ኮምፒውተሬን ከስልኬ ጋር አገናኘሁና፣ ቡናው ከአቦል እስከ በረካ እስኪጠጣ ክፍት የተውኩት አንድ ገጽ ድምፅ ሳያሰማ ቪዲዮ ሲደጋግም ቆይቶ የሳምንት ፓኬጄን ጨርሶ ጠበቀኝ።