ደጋኑ ሲፍቅ መሣሪያው ተበላሽቶ ነው?

ጥያቄ፦ ልጄ ትምህርት ቤት ቪዮላ ትጫወታለች። በቀደም ጎትታ ስትሪንግ ኳርቴት (ሁለት ቫዮሊን፣ ቪዮላና ቼሎ የሚጫወቱ አራት ሰዎች) ልታሰማኝ ወሰደችኝ። መጀመሪያ የድሮውን አቀናባሪ የሃይድንን ኦፐስ 77 ቁጥር 2 የሚባል ሥራ ተጫወቱ፤ ደስ ይላል። ቀጥሎ ካሮላይን ሾው የምትባል ሴት የጻፈችው «አንትራክት» መጣ። መሀል ላይ ዜማው ጠፋና ደጋኑ ክሩን ዝም ብሎ ይፍቀው ጀመር። መሣሪያው የተበላሸ መስሎኝ ነበር፤ ልጄ ግን እንባዋ ሊመጣ ደርሷል። ለምን የሚያምረውን ብቻ አይጫወቱም? ደግሞ የሃይድን የመጀመሪያው ክፍል ሲያልቅ ብቻዬን አጨበጨብኩና ልጄ በክርኗ ጎሸመችኝ። ምን አጠፋሁ?
የቪዮላ አባት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ በጭብጨባው ልጀምር፣ እሱ ቀላል ነው። ምንም አላጠፉም። በሃይድን ዘመን ሰው ደስ ባለው ቦታ ላይ ያጨበጭብ ነበር። ሞዛርት እንኳ በ1778 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከፓሪስ ለአባቱ ሲጽፍ፣ ሲምፎኒው ሳያልቅ እንዳጨበጨቡለት በደስታ ነው የሚያወራው። ዝም ብሎ የመጠበቁ ልማድ የመጣው በኋላ ነው። ዛሬ ግን አራቱም ደጋናቸውን እስኪያወርዱ ቢጠብቁ ከክርን ይተርፋሉ።

አሁን ወደ ፍቅፍቁ። እኔ ቫዮሊን አስተማሪ ነኝ፤ ይህ ጥያቄ ከተማሪዎቼ ወላጆችም ይመጣልኛል። ፕሮግራሙን ያወጣው ሰው ሁለቱን ሥራዎች ያለ ነገር ጎን ለጎን አላስቀመጣቸውም። ሾው «አንትራክት»ን በ2011 የጻፈችው ብሬንታኖ ኳርቴት ያንኑ እርስዎ የሰሙትን ሃይድን ሲጫወት ሰምታ ነው። የያዛት ሁለተኛው ክፍል፣ ሚኑዌቱ ነው። ሚኑዌት በሦስት የሚቆጠር የዳንስ ሙዚቃ ነው፤ ሃይድን ግን እዚህ ላይ ያፈጥነውና አቆጣጠሩን ያምታታዋል። ከዚያ መሀል ላይ ሳይታሰብ ወደ ሌላ ቁልፍ፣ ማለትም ወደ ሌላ መነሻ ድምፅ፣ ይሻገራል፤ ሁሉ ነገር ይለሰልሳል። ሾውን የነካት ይህ መሻገር ነው። ሥራዋም የሚኑዌት ቅርጽ አለው፤ እሷ ግን ገፋ አድርጋ ትወስደዋለች።

ፍቅፍቁ ኖታው ላይ የተጻፈ ነው። የግራ እጅ ጣቶች ክሩን ሳይጫኑ እንዲሁ ይነኩታል፤ ድምፁ ይታፈንና የደጋኑ ፀጉር ትንፋሽ ብቻ ይቀራል። ለኛ ጆሮ ይህ እንግዳ መሆን የለበትም። በገና ደርዳሪ በክሩና በብርኩማው መካከል እንዝራ የምትባለውን ትንሽ ቆዳ የሚያስገባው ለምን ሆነና? እንዲነዝር ነው። ጥርት ያለ ድምፅ ብቻ ቢፈልግ ኖሮ ቆዳዋን አውጥቶ ይጥላት ነበር። እንዲያውም በአዲስ ሙዚቃ የሚታወቀው የሳን ፍራንሲስኮው ክሮኖስ ኳርቴት በ2009 ባወጣው አልበም ውስጥ የአለሙ አጋን የበገና ዝማሬ አካቷል።

ያ የሚያምረው ሃይድንም ቢሆን በ1799 ሲጻፍ ትኩስ ነበር። ሙሉ አድርጎ የጨረሰው የመጨረሻው ኳርቴቱ ነው፤ በ67 ዓመቱ ገና ይሞክር ነበር። የኳርቴት ተጫዋች የድሮውን ብቻ ይጫወት ማለት ሃይድን ያልኖረበትን ኑሮ ኑር ማለት ነው።

ይህን ስል አዲስ ሁሉ ጥሩ ነው እያልኩ አይደለም። ሰዓቴን እያየሁ የጨረስኩት ብዙ አለ። ታዳሚው ሹልክ ብሎ እንዳይወጣ አዲሱን በሁለት አሮጌ መሀል የሚቀብሩ አዘጋጆችም አሉ። የእርስዎ ምሽት ግን ከእነዚያ አይደለም።

ቤት ውስጥ መልሰው ቢሞክሩት ደስ ይለኛል። አታካ ኳርቴት «አንትራክት»ን በ2019 ባወጡት የሾው አልበም ላይ ያገኙታል። እነዚሁ ልጆች 68ቱንም የሃይድን ኳርቴቶች በኮንሰርት የተጫወቱ ናቸው። መጀመሪያ የሃይድንን ሚኑዌት ብቻ ይስሙ፣ ወዲያው ሾውን ያስከትሉ። መጨረሻው ላይ ቼሎው ብቻውን ክሩን በጣት እየነካ ይቀራል፤ እዚያ ሳይደርሱ አያጥፉት። ልጅዎ አጠገብዎ ካለች ደግሞ የቪዮላውን መስመር ለብቻው ትጫወትልዎ። ማንም ልብ አይለውም እንጂ፣ ሞዛርት ራሱ ቪየና ውስጥ ከሃይድን ጋር ኳርቴት ሲጫወት የሚይዘው ቪዮላውን ነበር ይባላል።