ማድሪድ ወይስ የሰሚቱ ቤት?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ለአንባቢ ላሳጥረው። በ10 ዓመትሽ ከአዲስ አበባ መጣሽ፤ አሁን 22 ዓመትሽ ነው፤ የአሜሪካ ዜግነት አለሽ። ሜይ ላይ በሳይኮሎጂ ተመረቅሽ። የስፔን ትምህርት ሚኒስቴር በሚያካሂደው ፕሮግራም ከኦክቶበር እስከ ሜይ ማድሪድ ትምህርት ቤት ውስጥ በእንግሊዝኛ መምህር ረዳትነት እንድትሠሪ ተቀብሎሻል። አባትሽ ግን "ነርሲንግ ተማሪ፤ ረዳት እንድትሆኚ ነው ይዤሽ የመጣሁት?" ብለዋል። የተማሪ ብድር አለብሽ። ለቤተሰብ ደግሞ በየወሩ 600 ዶላር ትሰጫለሽ። ልሂድ ወይስ ልቅር ነው ጥያቄሽ።

አንድ ነገር በግማሽ መስመር አልፈሽዋል፤ እኔን ያስጻፈኝ እሱ ነው። 600 ዶላሩ ለኪራይ አይደለም። ለአስቤዛም አይደለም። አዲስ አበባ፣ ሰሚት ለሚሠራው ቤት ነው።

ይህን ነገር ከስንት ልጅ ሰማሁት! እኛ ወላጆች በክፋት አናደርገውም። ሌሊቱን ታክሲ ስንነዳ፣ ፓርኪንግ ውስጥ ስናድር፣ "አንድ ቀን አገሬ ገብቼ አርፍበታለሁ" የምንለው ቤት ነው ጉልበት የሚሰጠን። አባትሽን በደንብ እረዳቸዋለሁ። ግን ብድር ያለባት ልጅ የመጀመሪያ ደሞዟን ለሲሚንቶና ለብረት ማዋጣቷ ልክ አይደለም። እሳቸው እዚህ ጋ ተሳስተዋል። ቤቱ ስምንት ወር ቢቆም አይፈርስም። ብድርሽ ግን በየወሩ ይወልዳል።

አሁን ሒሳቡን እንየው። ማድሪድ ውስጥ በሳምንት 16 ሰዓት ትሠሪያለሽ፤ በወር 1,000 ዩሮ ይከፈልሻል። ከሌሎች ጋር በምትጋሪው ቤት ለአንዲት ክፍል ብቻ ግማሹ፣ ካልቀናሽም ከዚያ በላይ ይሄዳል። የአውሮፕላን ትኬትና ቪዛ ከኪስሽ ነው። የጤና ኢንሹራንሱን እነሱ ይሸፍናሉ። ብዙ ረዳቶች የግል ትምህርት እያስጠኑ ይደጉማሉ፤ አንቺ ግን በእሱ ተማምነሽ በጀት እንዳታወጪ። የመጀመሪያው ክፍያም ሊዘገይ ይችላል፤ አንዳንዴ በሳምንታት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ።

የፌዴራል ብድር መከፈል የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከተመረቁ ከስድስት ወር በኋላ ነው። ሜይ ላይ ተመርቀሻል፤ ስለዚህ ኖቬምበር መጨረሻ አካባቢ ነው። ስፔን ገና በቅጡ ሳትከፍልሽ አበዳሪው በር ያንኳኳል ማለት ነው። በገቢ መጠን የሚተመን አከፋፈል አለ፤ ማመልከቻውን ከመሄድሽ በፊት ጨርሺ። ብድሩ የግል ባንክ ከሆነ ግን ይህ ዕድል የለሽም። ስለዚህ የማንን ብድር እንደወሰድሽ ዛሬውኑ አጣሪ፤ ደብዳቤሽ ላይ አልጻፍሽውም።

እንግዲህ ከማድሪድ 600 ዶላር ልትልኪ ቃል ገብተሽ ከምትሄጂ፣ ብትቀሪ ይሻልሻል። በሦስተኛው ወር ቃልሽንም ታጥፊያለሽ፣ ጦምሽንም ታድሪያለሽ። ገንዘብ መላኩ የግድ ከሆነ ወደ ጃፓን ተመልከቺ። ጄት የሚባለው፣ የውጭ አገር ረዳት መምህራንን ወደ ጃፓን ትምህርት ቤቶች የሚወስደው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1987 የተጀመረ ነው፤ ሥራው የሙሉ ጊዜ ነው። ከ2025 ወዲህ የመጀመሪያ ዓመት ክፍያው በዓመት 4,020,000 የን ገደማ ሆኗል፤ የመሄጃና የመመለሻ ትኬትም ይችላሉ። ችግሩ ማመልከቻው መኸር ላይ ሆኖ ጉዞው በቀጣዩ ዓመት ጁላይ ወይም ኦገስት መሆኑ ነው። ዓመት ትጠብቂያለሽ።

እኔ ግን ማድሪድን እመርጥልሻለሁ። አባትሽንም ፊት ለፊት አናግሪያቸው፦ "አባዬ፣ ለስምንት ወር ለሰሚቱ ቤት አላዋጣም፤ ብድሬን ግን እከፍላለሁ።" በቃ፣ ይኸው ነው። ሽማግሌ አያስፈልገውም፤ አጎት በስልክ መሐል አይግባ። እናትሽ ግን ቀድመው ይስሙ። እሳቸው ካመኑበት የአባትሽ ቁጣ ቶሎ ይበርዳል።

ነርሲንጉን በተመለከተ፣ ደም ስታዪ ራስሽን እንደሚያዞርሽ ራስሽ ጽፈሻል። ታዲያ የምን ነርሲንግ ነው?

ረዳት መሆን ያሳፍራል ለሚሉሽ ደግሞ፦ እኔ ደሴ ሃይስኩል እንግሊዝኛ ሳስተምር ቆይቼ ሜሪላንድ ስገባ ዲግሪዬን ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። በመንግሥት ትምህርት ቤት ፓራኤጁኬተር፣ ማለትም የመምህር ረዳት ሆኜ ጀመርኩ፤ ማታ ማታ ተማርኩ። ክፍል ጥግ ቆመሽ ጎበዝ መምህር ሲሠራ ስታዪ የምትማሪውን ዩኒቨርሲቲ አይሰጥሽም። የማድሪድ ክልል ከ2004 ጀምሮ በሁለት ቋንቋ የሚያስተምሩ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አሉት፤ ሳይንስም ሥነ ጥበብም በእንግሊዝኛ ይሰጥባቸዋል። ዋናው መምህር አብሮሽ አለ። ያንቺ ሥራ ልጆቹን ማናገር፣ ማጫወት፣ አፋቸውን ማፍታታት ነው። ስትመለሺ ደግሞ የመምህርነት ፈቃድሽን አውጥተሽ እንግሊዝኛ ገና የሚማሩ ልጆች ክፍል ግቢ። ያንቺው ሞንጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶቹ ለወላጅ የሚልኩትን ማስታወቂያ በአማርኛ የሚያስተረጉመው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ልጆቻችን እዚያ ሞልተዋል። አንቺን የምትመስል መምህርት ያስፈልጋቸዋል።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልመልስ። ሐበሻ ስለሆንሽ እንግሊዝኛሽን ይጠራጠሩ እንደሆነ ጠይቀሻል። አንዳንዱ "በእውነት ከየት ነሽ?" ማለቱ አይቀርም። መልሺለትና ሥራሽን ቀጥዪ። ሲቪሽ ላይም ክፍተት ሆኖ አይታይም፤ ሥራ ነው። 300 ዶላር የተባልሽውን፣ በኢንተርኔት የሚሰጠውን የእንግሊዝኛ ማስተማር ሰርተፍኬት አትግዢ፤ ፕሮግራሙ አይጠይቅሽም።

የሚያሳስበኝ ወረቀቱ ነው። ለቪዛው የኤፍቢአይ የወንጀል መዝገብ ማስረጃ ያስፈልግሻል። እሱ ላይ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አፖስቲል (ሰነዱ ውጭ አገር እንዲታመን የሚደረግ ማረጋገጫ) ይደረግበታል፤ ከዚያ ወደ ስፓኒሽ ይተረጎማል። ይህ ሁሉ ሳምንታት ይበላል። ዋሽንግተን ላይ የስፔን ቪዛ ቀጠሮም እንደልብ አይገኝም። አሻራሽን በዚህ ሳምንት ስጪ፤ ከአባትሽ ጋር ያለው ንግግር እስኪያልቅ አትጠብቂ።