የሰፈር ኮሚቴና የከተማ ፕላን፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ መሬት አጠቃቀም የሚጨነቁ የሰፈር ኮሚቴ አባላት የጻፏቸው ስለሆኑ በአንድነት አቅርቤያቸዋለሁ። ረጃጅሞቹን አሳጥሬያለሁ፤ ስድቦቹንም አስቀርቻለሁ።

በፕላን ውይይት ላይ ለምንገኝ የኮሚቴ አባላት የስብሰባ አበል ይገባናል ወይ?

አይገባችሁም። በጎ ፈቃደኞች መሆናችሁን በደብዳቤው ራስጌ ላይ የጻፋችሁት ራሳችሁ ናችሁ።

አንድ የአዲስ አበባ የቀጠና ኮሚቴ ሰብሳቢ እንደሚሉት፣ ነዋሪው ለውይይት ተጠርቶ ፈርሞ ከተመለሰ ከወራት በኋላ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ በአካባቢ ልማት ፕላኑ ላይ ለቅይጥ አገልግሎት (መኖሪያና ንግድን ለመሰሉ ለተቀላቀሉ ግንባታዎች) ተመድቦ ተገኝቷል። ሲጠይቁ "ተወያይታችሁበታል" ተብለዋል። ኮሚቴው ይፍረስ ወይ?

አይፍረስ። ሆኖም ከእንግዲህ ማንም አባል ከመፈረሙ በፊት ከስሞቹ ዝርዝር በላይ ያለውን ርእስ ያንብብ፤ በስብሰባ መገኘትና በፕላን መስማማት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ ሁለቱ እንዲምታቱ የሚያደርገው ደግሞ ብዙ ጊዜ ርእስ የሌለው ወረቀት ነው። ቃለ ጉባኤው ላይ የተቃውሞ ሐሳብዎ መስፈሩን ሳያዩ አይውጡ።

የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ሁለት ዓይነት ፕላን ያውቃል። መዋቅራዊ ፕላን የመላውን ከተማ የመሬት አጠቃቀምና ዋና ዋና መንገዶች ለ10 ዓመት ይወስናል፤ የአካባቢ ልማት ፕላን ይህንኑ ወደ ሰፈር አውርዶ የውስጥ መንገዱን፣ የሕንፃውን ከፍታና ክፍት ቦታውን ይዘረዝራል። ሕጉ ፕላን ሲዘጋጅ ነዋሪው እንዲሳተፍ ይጠይቃል፣ ታችኛውም ፕላን ከላይኛው ጋር መጣጣም አለበት። ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራዎ ሜዳው በ2009 ዓ.ም. በጸደቀው የአዲስ አበባ መዋቅራዊ ፕላን ላይ በምን ቀለም እንደተቀባ ማረጋገጥ ነው። ያ ፕላን 30 በመቶ ለመንገድና መሠረተ ልማት፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴና ክፍት ቦታ፣ 40 በመቶ ለግንባታ የሚለውን መርህ የተከተለ ነው። ሜዳው እዚያ አረንጓዴ ከሆነ ክርክርዎ የሕግ ክርክር ነው፤ ያኔውኑ ቅይጥ ተብሎ ከነበረ ግን ኮሚቴዎ ወጥ ከቀረበ በኋላ ስለ ጨው የሚነጋገር እንግዳ ሆኗል፣ የቀረው መንገድ የፕላን ማሻሻያ መጠየቅ ብቻ ነው።

የሚጽፉትም ነገር ይለወጥ። የላኩልኝ ሦስት ገጽ ስለ ትውልድና ስለ አደራ በሰፊው ያትታል፤ የሜዳው ስፋት ግን የትም አልተጠቀሰም። የፕላን ባለሙያ ሊያውቅ የማይችለውንና እርስዎ የሚያውቁትን ይንገሩት፦ ሜዳውን በየትኛው ሰዓት እነማን እንደሚጠቀሙበት፣ የክረምት ጎርፍ ከየት መጥቶ የት እንደሚተኛ፣ ለቅሶ ሲኖር ድንኳን የት እንደሚተከል፣ ሌላ ሜዳ በስንት ደቂቃ እርምጃ እንደሚገኝ። ሁለት ገጽና በእጅ የተሣለ ንድፍ ይበቃል። መዝገብ ቤት አስገብተው ቁጥር ያሰጡት፣ ቅጂውን በማኅተም ይቀበሉ፣ መልሱንም በጽሑፍ ይጠይቁ።

ይህ ከተማ ለረጅም ጊዜ ከውጭ በመጡ ባለሙያዎች ሲነደፍ ኖሯል፤ በ1940ዎቹ እንግሊዛዊው አበርክሮምቢ፣ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ሀንጋሪያዊው ፖሎኒ ይገኙባቸዋል። ያልተመከረበት ፕላን ምን እንደሚያስከትል ለማየት ግን ያን ያህል ወደ ኋላ መሄድ አያስፈልግም። አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያለውን የኦሮሚያ ልዩ ዞን ያጣመረው ማስተር ፕላን የሰው ሕይወት የጠፋበትን ተቃውሞ ካስነሣ በኋላ በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰርዟል። የአሁኑ ፕላን ዘመን የሚያበቃው በ2019 ዓ.ም. ነው፤ የሚተካው ፕላን ጥናት ደግሞ ከዚያ አስቀድሞ የሚጀመር ስለሆነ፣ ኮሚቴዎ ጥሪ ሳይጠብቅ ሰነዱን ከአሁኑ ያዘጋጅ።

እድራችን ሰፈሩን ወክሎ በፕላን ውይይት ላይ ቢቀርብ በቂ አይደለም? ከእድር የበለጠ የታመነ ማን አለ?

በመታመን ረገድ ልክ ነዎት፤ በውክልና ግን ይጎድላል። በእድር መዝገብ ላይ ያለው ብዙውን ጊዜ አባወራው ወይም እማወራዋ ነው። ጓሮ ያለች ሰርቪስ ቤት የተከራየው ወጣት፣ በመንገዱ ዳር ጀበና ዘርግታ ልጆች የምታሳድገው ሴት እዚያ መዝገብ ላይ የሉም፣ መንገዱ ሲሰፋ ግን መጀመሪያ የሚነሡት እነርሱ ናቸው። እድሩ ስብሰባውን ይጥራ፤ እነርሱም ይጠሩ።

የኮንዶሚኒየም ኮሚቴያችን በብሎኮቹ መካከል ባለው ክፍት ቦታ ላይ ሱቅ ሠርቶ ሊያከራይ አስቧል። ይችላል?

በኮሚቴ ውሳኔ ብቻ አይችልም። የጋራ መጠቀሚያው በኮንዶሚኒየም አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የቤት ባለቤቶች ሁሉ የጋራ ሀብት ነው፤ ግንባታውም ፈቃድ ይፈልጋል። ለዝርዝሩ የሕግ ባለሙያ ያማክሩ።

በዋሽንግተን ዲሲ ምግብ ቤት ያላቸው አንባቢ፣ ደመወዝ የማይከፈላቸው የሰፈር ሰዎች በመጠጥ ፈቃዴ ላይ ምን አገባቸው ይላሉ።

የሚያገባቸው በሕግ ነው። የሰፈር አማካሪ ኮሚሽነሮች እያንዳንዳቸው 2,000 ገደማ ነዋሪዎችን ወክለው ለሁለት ዓመት የሚመረጡ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በዞኒንግም (የትኛው መሬት ለምን እንደሚውል በሚወስነው ደንብ) ሆነ በመጠጥ ፈቃድ ላይ ውሳኔው የእነርሱ ባይሆንም የከተማው መሥሪያ ቤቶች ለጽሑፍ አስተያየታቸው ትልቅ ክብደት እንዲሰጡ፣ ሳይቀበሉት ሲቀሩም ምክንያቱን እንዲያስረዱ ይገደዳሉ። ለአዲስ አበባ የምመኘው ይህንኑ ነው። እርስዎ ግን ጉዳዩ ለስብሰባ ሳይቀርብ ኮሚሽነርዎን ያነጋግሩ፤ ጎረቤት ስለሆኑ ሩቅ አይደሉም።

ከይዞታችን እንድንነሣ ማስታወቂያ ደርሶናል። ኮሚቴው የሁላችንንም ፊርማ አሰባስቦ አንድ አቤቱታ ቢያቀርብ አይበቃም?

አይበቃም፤ በዚህ ላይ ቀልድ የለኝም። መሬት ስለማስለቀቅና ስለ ካሳ በወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 አቤቱታው ወደ አቤቱታ ሰሚ አካል፣ ቀጥሎ ወደ ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ፣ ከዚያም ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል፣ ለእያንዳንዱም በቀናት የሚቆጠር የጊዜ ገደብ አለው፤ ካለፈ የጋራ ፊርማ አያድነውም። የእያንዳንዱ ባለይዞታ ሰነድ፣ ንብረትና ግምት የተለያየ ነው። አዋጁ ከወጣ በኋላ ማሻሻያ የተደረገበት ስለሆነ ከእኔም ሆነ ከጎረቤት በሰሙት አይመሩ፤ ጠበቃ ይያዙ። ለጠበቃ መክፈል ለማይችሉት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። ኮሚቴው የአረጋውያኑን ካርታና ግብር ደረሰኝ ፎቶ ኮፒ ያስደርግ፣ ቤቱንና ዛፉን ፎቶ ያንሣ፣ ማስታወቂያው ለእያንዳንዱ ቤት የደረሰበትን ቀን ይመዝግብ። እርስዎ ደግሞ ነገ ጠዋት ወደ ጠበቃ ይሂዱ፤ የእሑዱን የኮሚቴ ስብሰባ አይጠብቁ።