ኤሊያስ ማን ነው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የምንጽፈው «ጎ» (Go) በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ኮዳችንን እያነበበ ጥፋት የሚጠቁም ትንሽ ቼከር ሠርቻለሁ። «መኒ» የተባለውን ታይፕ (የዳታ ዓይነት) በቀጥታ ሎግ (የፕሮግራሙ መዝገብ) ላይ የሚያትም ሰው ካለ ይጮሃል። መኒን ወደ አዲስ ፓኬጅ (የኮድ ክፍል) ስናዛውር፣ የድሮው ኮድ እንዳይሰበር በነበረበት ቦታ ኤሊያስ (alias፣ ቅጽል ስም) ተውንለት። በቅርቡ የቼከሩ ጎ ሞድ ፋይል (go.mod) ላይ 1.21 የሚለውን የጎ ቅጂ ቁጥር 1.23 አደረግሁት። ሌላ አንድም መስመር አልነካሁም። አሁን አዲሱን ስም በሚጠራው ኮድ ላይ ይጮሃል፤ በድሮው ስም ግን ሆን ብዬ ጥፋት ብጽፍም ዝም ይላል። ምን ነካው?
አንባቢ፣ ከመገናኛ

መልስ፦ «በአዲሱ ስም ይጮሃል» ማለትህ ነገሩን ገለጠልኝ።

ጎ ውስጥ «ታይፕ ኤ ቢ» ካልክ አዲስ ታይፕ ወለድክ። መልኩ ቢን ይመስላል፣ ግን ሌላ ሰው ነው፤ እንደ መንታ። መሃሉ ላይ የእኩል ምልክት ከጨመርክ ግን ያው አንድ ሰው ነው፣ የቤት ስም ወጣለት እንጂ። እናትህ «አቡሽ» ስላለችህ መታወቂያህ አይቀየርም። ኤሊያስ ማለት ይኸው ነው። (ቢሯችን ውስጥ ኤልያስ የሚባል ልጅ አለ። ስብሰባ ላይ ቃሉ በተነሳ ቁጥር ቀና ይላል።) በ2017 እ.ኤ.አ. በጎ 1.9 የገባውም ለእንደናንተ ዓይነት ሥራ ነው፤ ታይፕን ከፓኬጅ ወደ ፓኬጅ ቀስ አድርጎ ለማዛወር።

ኮድ የምንመረምርበት «ጎ ታይፕስ» (go/types) የሚባለው ላይብረሪ ለዓመታት የቤት ስሙን ወዲያው ይረሳው ነበር። አንተ ሳትጠይቅ ባለቤቱን ያቀብልሃል። 1.22 ላይ ቅጽል ስሙን የሚይዝ «ኤሊያስ» የሚባል ራሱን የቻለ ዓይነት ተጨመረ፤ ግን ተዘግቶ ነበር የመጣው። 1.23 ላይ ተከፈተ። ተከፍቶ ወይስ ተዘግቶ እንደሚጀምር የሚወስነው ጎ ሞድህ ላይ ያለው ቁጥር ነው። ስለዚህ የነካሃት አንዲት መስመር ናት ጉድ የሠራችህ።

ቼከርህ ውስጥ ታይፕ የሚለይ ስዊች እንዳለ እወራረዳለሁ። ኔምድ (ስም ያለው ታይፕ) ከሆነ ስሙን እይ፣ ፖይንተር (ወደ ሌላ ታይፕ ጠቋሚ) ከሆነ ውስጡን እይ፣ ካልሆነ እለፍ። ኤሊያስ ኔምድም ፖይንተርም ስላልሆነ «እለፍ» ላይ ይወድቃል። ኤረር የለ፣ ፓኒክ የለ። እኔም ደርሶብኛል። አሥር ቀን ያህል አረንጓዴ ምልክት እያየሁ፣ ልጆቹ ኮዳቸውን አስተካከሉ ብዬ ቡና ሁሉ ጋብዣቸዋለሁ! ያታለለኝ ሌሎቹ ሕጎች መሥራታቸው ነው። እነሱ የታይፑን የውስጥ መልክ የሚያወጣውን «አንደርላይንግ» ይጠሩ ነበር፤ እሱ ደግሞ ቅጽል ስሙን በራሱ አልፎ ይሄዳል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ስዊቹ ከመጀመሩ በፊት ታይፑን «አንኤሊያስ» በሚባለው ፈንክሽን አሳልፈው። ቅጽል በቅጽል ላይ ቢደራረብም እስከ ባለቤቱ ይወርዳል። ግን የሚገልጠው ላይ ላዩን ነው። ፖይንተሩን አልፈህ ስትገባ ውስጥ ሌላ ኤሊያስ ቁጭ ብሎ ልታገኘው ትችላለህ። እዚያም ድገመው። ሌሎች ታይፖችን በውስጣቸው የሚይዙት ስላይስና ማፕም እንደዚሁ። ሁለት ታይፖችን በድርብ እኩል ምልክት የምታወዳድርበት ቦታ ካለ ደግሞ «አይደንቲካል» በሚለው ተካው።

«እኔ ኤሊያስ አልጻፍኩም» የሚል ሰውም አያመልጥም። ከ1.18 ጀምሮ ያለው «ኤኒ» ማንኛውንም ዓይነት የሚቀበለው የባዶ ኢንተርፌስ ቅጽል ስም ነውና አሁን እሱም በዚሁ መልክ ይመጣል። ባይትና ሩን የሚባሉት ታይፖች ግን ቅጽል ስም ሆነው ሳለ እንደ ድሮው ቤዚክ (መሠረታዊ ታይፕ) ሆነው ነው የሚመጡት። ለምን እንደሚለያዩ ብታስረዳ ቡና በእኔ።

ማስጠንቀቂያውን ስታትም ግን ያልተገለጠውን ታይፕ አትም። ሰውየው የጻፈው የድሮውን ስም ነው። ያልጻፈውን ስም ብታሳየው ፋይሉ ውስጥ ሲፈልግ ይውላል።

ያቺን ሆን ብለህ ጥፋት የጻፍክባትን መስመርም እንዳትሰርዛት። ቴስቱ ውስጥ አስገባት።